ውርስ፣ ኑዛዜና ጧሪ በጎጃም

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብሎ ይመርቃል የጎጃም ሽማግሌ። ምርቃቱ ሁለት ሰው ይለምናል፤ በእርጅና የሚደግፍና ሲሞቱ ወግ የሚያደርስ። በብዙ ቤት ግን ሦስተኛ ነገር ሳይነገር አብሮ ይታሰባል፦ የጦረ ይወርሳል። ሕጉ ይህን አይልም። መጦርን ለብቻው፣ መውረስን ለብቻው ነው የሚያየው። ከተዝካር በኋላ ወንድምና እህት የሚኳረፉት ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

በርስት ዘመን መሬት የሚጠየቀው ትውልድ በመቁጠር ነበር። በደጋ ዳሞት ይሁን በሌላው የጎጃም አገር፣ ከመጀመሪያው ባለርስት መወለዱን ያስረዳ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ድርሻ ይጠይቃል። ሴትም ርስት ነበራት። ርስት የሚነካ ከመጣ ደግሞ ገበሬው ዝም አይልም። በ1960 በሞጣ፣ በቢቸናና በደጋ ዳሞት በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሳ፣ አንዱ ስጋቱ መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊሄድ ነው የሚል ነበር። ርስትን በመጨረሻ ያስቀረው በየካቲት 1967 የታወጀው የመሬት አዋጅ ነው። በ1989 ደግሞ በክልሉ የመሬት ሽግሽግ መጣ። አሁን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገበሬው ለልጁ የሚያስተላልፈው የመጠቀም መብቱን ነው፤ ይህም የሚመራው በአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው።

የዚህ መብት ማስረጃ የይዞታ ደብተሩ ነው። አንዲት የገጠር እናት ደብተሯን አውጪ ብትባል ከሣጥን ሥር ፌስታል ትጎትታለች። ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ። ከዚያ ውስጥ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የተለጠፈበት ደብተር ይወጣል። ሁለቱ ፎቶዎች ትልቅ ነገር ናቸው። ባል ቢሞት መሬቱ ሁሉ የእሱ ውርስ እንዳልሆነ በግልጽ ያሳያሉ።

ቤት፣ ከብት፣ ባሕር ዛፍና የባንክ ገንዘብ የሚወረሱት በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ቀዳሚዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ ወንዱም ሴቷም እኩል። አንድ ልጅ ቀድሞ ከሞተ ድርሻውን የእሱ ልጆች ይወስዳሉ። ሟች ልጅም የልጅ ልጅም ከሌለው እናትና አባቱ ይወርሳሉ። ባል ወይም ሚስት ግን በዚህ ሕግ ወራሽ አይደሉም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። መጀመሪያ የጋራ ንብረቱ ይከፈልና ግማሹ በሕይወት ላለው ተጋቢ ይሰጣል፤ ለወራሾች የሚከፋፈለው የሟች ድርሻ ብቻ ነው። ለሚስቱ ተጨማሪ መተው የሚፈልግ ባል መናዘዝ አለበት።

ኑዛዜ በባህላችን የአልጋ ላይ ቃል ነው። ሕመምተኛው ሲከብደው የነፍስ አባት ይጠራል፣ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። «ጥማድ በሬዬ ለታናሹ፣ ቤቱ ለጦረችኝ ልጄ» ይልና በግዝት ያስረዋል። ግዝቱ በሕሊና ላይ ከባድ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ያ ቃል ይሳሳል። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ሁለት ምስክር ይበቃዋል፤ ሊያዝዝ የሚችለው ግን የቀብር ሥርዓትን፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የሚመለከት ጉዳይና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታን ብቻ ነው። ተናዛዡ ድኖ ሦስት ወር ከቆየ ደግሞ ኑዛዜው ይቀራል። በ500 ብር ዛሬ ቤት ቀርቶ በግም አይገዛም።

ስለዚህ ቤትና ከብት ያለው ሰው በጽሑፍ ይናዘዝ። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ ወይም አሻራ ያደርጋሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ (ሰነድ የሚያረጋግጥ ሹም) ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። «ተነቧል» የሚለው አንድ መስመር ተረስቶ ኑዛዜ ሊወድቅ ይችላል። አደራ፣ ኑዛዜውን የሚጽፍላችሁ ሰው ጋ ስትቀመጡ ያን መስመር በዓይናችሁ እዩት። የሚጠቀም ሰውም ምስክር አይሁን። በራሱ እጅ የሚጽፍ ሰው ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ገልጾ ሙሉውን ራሱ ይጻፍ፣ ቀን ያድርግ፣ በየገጹ ይፈርም። ይህኛው ውል አዋዋይ ወይም የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ በሰባት ዓመት ይፈርሳል። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚፈልግም ምክንያቱን መጻፍ አለበት።

መጦርስ? ልጅ የተቸገረና ሠርቶ ማደር ያቃተው ወላጁን የመቀለብ ግዴታ አለበት። ቀለብ ማለት ምግብ፣ መጠለያ፣ ልብስና ሕክምና ነው። ወላጅ ፍርድ ቤት ሄዶ ሊጠይቅ ይችላል፤ ግን ልጁን የሚከስ እናት ወይም አባት ስንት አለ? አብዛኛው በሽማግሌ ያስመክራል፣ ካልሆነም ችሎ ይኖራል። ግዴታው የሁሉም ልጆች ነው። አዲስ አበባ ያለውም፣ አረብ አገር ያለችውም፣ እናቷን ስታገላብጥ የከረመችውም ሁሉም ይጠየቃሉ፤ ኑዛዜ ከሌለ እኩል ይወርሳሉ። ያገላበጠችው ልጅ ድካሟ እንዲታሰብ ከተፈለገ እናት በጤናዋ፣ አእምሮዋ ሳይደክም፣ መጻፍ አለባት።

ውክልና ይህን አይተካም። ውክልና በወካዩ ሞት ያበቃል። «እማዬ ወክላኛለች» ብሎ ከቀብር በኋላ ቤት የሚሸጥ ልጅ በሞተ ወረቀት ነው የሚሸጠው።

ከሞት በኋላ ወራሾች የሞት ማስረጃና ምስክር ይዘው ሟች ይኖርበት ወደነበረው አካባቢ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፤ የወራሽነት ማስረጃ ይወጣል። ንብረቱ የተጠላለፈ ወይም ዕዳ ያለበት ከሆነ ውርስ አጣሪ ይሾማል። አጣሪው ከክፍፍሉ በፊት የቀብር ወጪንና ዕዳን ይከፍላል። የሩቋን እህት ስም ሳይጠቅሱ ማስረጃ ማውጣት በየቦታው ይሰማል። እሷ መብቷንና ንብረቷ መያዙን ካወቀች ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ መክሰስ ትችላለች። ያኔ የተከፈለው እንደገና ይቆጠራል፤ የተሸጠው በሬ ዋጋም ጭምር።