ትጋት ምንድን ነው? ገዳማዊ ጥሪ በዐቢይ ጾም

ዛሬ «ትጉህ» ስንል ሥራ የሚወድ፣ እጁ የማያርፍ ሰው ማለታችን ነው። የቃሉ ጥንተ ፍቺ ግን ነቅቶ ማደር ነው። በግእዝ መላእክት «ትጉሃን» የሚባሉት እንቅልፍ ስለማያውቁ ነው። ጌታም በጌቴሴማኒ «አንዲት ሰዓት እንኳ ከእኔ ጋር ልትተጉ አልቻላችሁምን?» ሲል ደቀ መዛሙርቱን በሥራ አልወቀሳቸውም፤ ተኝተው አገኛቸው እንጂ።

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ድኽነትን፣ ንጽሕናንና ታዛዥነትን በመሓላ የተቀበለ ገዳማዊ፣ ወንድም ይሁን እኅት፣ ቃሉን የሚሰጠው በአንድ ቀን፣ በሰው ፊት፣ በደስታ ነው። የሚጠብቀው ግን ማንም በማያየው ተራ ቀን ነው። ጥሪም ብዙ ጊዜ የሚላላው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ሥራ በዛ ተብሎ የማታው ጸሎት ያጥራል፤ ቀጥሎ የጠዋቱ አስተንትኖ ይቀራል። አለቃ የማያውቀው ትንሽ ገንዘብ ኪስ ይገባል፤ በአንዱ ወንድም ላይ የተያዘ ቂም ይከርማል። ትምህርት ቤቱ ግን ይሠራል፣ ሕመምተኛውም ይታከማል፤ ከውጭ ለሚያይ የጎደለ ነገር የለም። በጥንቱ ፍቺ ያንቀላፋ ሰው በዛሬው ፍቺ እጅግ ትጉህ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም አንዳንዴ ሥራው መሸሸጊያው ነው።

የዚህን እንቅልፍ ስም አባቶች ሃኬት፣ በግሪክኛ አኬዲያ፣ ይሉታል። ስንፍና ማለት ብቻ ያሳንሰዋል። በግብፅ በረሓ የኖረውና እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ በመዝሙረኛው ቃል «የቀትር ጋኔን» ብሎታል። ይህ መንፈስ ሲመጣ ፀሐይ የቆመች ትመስላለች፣ ቀኑም ኀምሳ ሰዓት ያህል ይረዝማል ይላል። መነኩሴው ደጋግሞ በመስኮት ያያል፤ ለማዕዱ ሰዓት፣ ለዘጠኝ ሰዓት፣ ስንት እንደቀረው ከፀሐይዋ ይገምታል፤ ብቅ የሚል ወንድም እንዳለ ይቃኛል። ከዚያ ቦታውን ይጠላል፣ የእጁን ሥራ ይጠላል፣ ከወንድሞች ዘንድ ፍቅር ጠፍቷል ይላል፤ በመጨረሻም ጌታን ሌላ ቦታ ሄዶ ማስደሰት እንደሚሻል ያስባል። ዛሬ መስኮቱ ስልክ ሆኗል፤ ሌላው እንዳለ ነው።

ቅዱስ በነዲክቶስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ለመነኮሳት በጻፈው የገዳም ሥርዓት፣ ምዕራፍ 48 ላይ፣ ለዐቢይ ጾም ያልተጠበቀ ትእዛዝ አለ። እያንዳንዱ መነኩሴ ከቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ ወስዶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነባል። በንባብ ሰዓትም አንድ ወይም ሁለት ሽማግሌዎች በገዳሙ እየዞሩ በሃኬት ተይዞ ጊዜውን በወሬ የሚያሳልፍ ወንድም እንዳለ ያያሉ። ጾም ሲባል ማዕድ ብቻ ለሚታወሰን ይገርማል፤ እዚህ የሚፈተነው ልብ ሰብስቦ መቀመጥ ነው። በምዕራፍ 49 ደግሞ የመነኩሴ ሕይወት ዘወትር ዐቢይ ጾምን መምሰል እንዳለበት ይናገርና፣ ወዲያው ይህን የሚችሉት ጥቂቶች መሆናቸውን ያምናል። ስለዚህ ቢያንስ በእነዚህ ቀናት ከምግብ፣ ከመጠጥ፣ ከእንቅልፍ፣ ከወሬና ከቀልድ ይቀነስ ይላል። ሆኖም እያንዳንዱ ያሰበውን ለአበ ምኔቱ ይንገር፤ ያለ ፈቃድ የተደረገው ለትዕቢትና ለከንቱ ውዳሴ ይቆጠራል። ለእኔ የምዕራፉ ልብ ይህ ነው። ታዛዥነትን የማለ ሰው በጾሙ የራሱ አለቃ ከሆነ፣ ጾሙ ራሱ መሓላውን ይሸረሽራል።

የዛሬው ደንብ ከዚህ ብዙ አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ በቁጥር 664 ገዳማውያን በየቀኑም ቢሆን ሕሊናቸውን እንዲመረምሩ፣ ምስጢረ ንስሓንም እንዲያዘወትሩ ያዛል። ምርመራው ኀጢአት ቆጠራ ብቻ አይደለም፤ ልቤ ዛሬ የት ዋለ ብሎ መጠየቅም ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ደግሞ ጸሎት ደርቆ መጽናናት ሲጠፋ ውሳኔ አትለውጥ፣ ከዚያ በፊት በቆረጥኸው ጽና ይላል። በርግጥ ድርቀት ሁሉ ሃኬት አይደለም። ድካም አለ፣ ሐዘን አለ፣ ሐኪም የሚፈልግ ሕመምም አለ። ሰው ይህን ብቻውን መለየት ስለሚከብደው ነው መንፈሳዊ መሪ የሚያስፈልገው።

ቀኑ የሚዘጋው በመኝታ ጸሎት ነው። በሮማ ሥርዓት ከሳምንቱ በአንዱ ምሽት «በመጠን ኑሩ ንቁም» የሚለው የጴጥሮስ ቃል ይነበባል። በየምሽቱም፣ ነቅተን ሳለን ከክርስቶስ ጋር እንድንተጋ፣ ተኝተንም በሰላም እንድናርፍ ጠብቀን የሚል ልመና ይቀርባል። ከዚያ መብራቱ ይጠፋል፤ የተጉትም ይተኛሉ።