የቮድካና የውስኪ ልዩነት ምንድን ነው? (በርሜሉ አይደለም)

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ቪዲዮ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ «ውስኪ ማለት እኮ በርሜል ውስጥ ያረጀ ቮድካ ነው» ሲል ሰማሁት። አንድ ሰው ቢሳሳት ምንም አልነበረም። ይህቺን ነገር ግን የማይላት የለም። ሥራዬ ከአልኮል ጋር መሆኑን የሰማ ሁሉ እንደ ትልቅ ምስጢር ይነግረኛል። አሁንስ በዛ።

እህል እንዴት እንደሚብላላ፣ እርሾ ስኳርን እንዴት ወደ አልኮል እንደሚቀይር፣ ዲስቲሌሽን ምን እንደሆነ አላስረዳም፤ ታውቁታላችሁ። እስከ ማብላላቱ ድረስ ሁለቱ መጠጦች ተመሳሳይ መንገድ ሊሄዱ ይችላሉ። የሚለያዩት ዲስቲል ሲደረጉ፣ ማለትም አልኮሉ ተንኖና ተመልሶ ቀዝቅዞ ሲለይ ነው፤ በርሜል የሚባል ነገር ገና ሳይነሳ።

ቁጥሩ እነሆ። ለቮድካ የሚሆነው አልኮል ረጅም ዓምድ ባለው ማሽን ውስጥ ደጋግሞ እየተነነና እየቀዘቀዘ 96 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። የብቅል ውስኪ ግን በመዳብ ጋን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዙር ብቻ ይወጣና 70 በመቶ ግድም ላይ ይቆማል። ቦርቦን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ በሕግ ከ80 በመቶ እንዲያልፍ አይፈቀድለትም። ጠርሙሱ ላይ የምታዩት 40 ሌላ ነገር ነው። እሱ የሚመጣው በኋላ ውኃ ሲጨመር ነው። እግረ መንገዴን፦ የቮድካ ጠርሙስ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው። ስለዚህ ስለ ቮድካ ጥራት የሚያወራ ሰው ስለ ውኃው ካላነሳ ግማሹን ወሬ ትቶታል።

በ70 እና በ96 መካከል ያለው ልዩነት የስካር ልዩነት አይደለም። 70 ላይ ስትቆሙ ከአልኮሉ ጋር ኤስተሮችና አልዲሃይዶች የሚባሉ ሽታ ያላቸው ውህዶች፣ ከበድ ያሉ ሌሎች አልኮሎች ተጎትተው ይመጣሉ። የውስኪው ሽታና ጣዕም አንድ ትልቅ ክፍል እነሱ ናቸው። 96 ላይ እነዚህ ተለቅመው ወጥተዋል።

እንዲህ ላስቀምጠው። እህሉና እርሾው አብረው ደብዳቤ ጻፉ እንበል። ውስኪ ሠሪው አርታኢ ነው። መጥፎ መስመር ይሰርዛል፤ የጸሐፊውን የእጅ ጽሑፍ ግን አይነካም። ቮድካ ሠሪው ላጲስ ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን ያጠፋል። ይህም ራሱን የቻለ ሙያ ነውና እንዳትንቁት፤ ወረቀቱን ሳይቀድዱ ማጥፋት ቀላል አይደለም። በርሜሉ ደግሞ አንባቢው ነው። ደብዳቤውን ዓመታት ይዞ ይቀመጥና ዳር ዳሩ ላይ የራሱን ማስታወሻ ይጽፋል፦ ቫኒላ፣ ቅመም፣ የእንጨት ምሬት። ውስጡ በእሳት የተለበለበ በርሜል ከሆነ አንዳንድ የድኝ ሽታ ያለበትን መስመርም ያጠፋል። አሁን ነጩን ወረቀት ለዚሁ አንባቢ ስጡት። ዳር ዳሩ በማስታወሻ ይሞላል፣ ወረቀቱም ቢጫ ይላል። ደብዳቤው ግን ከየት ይመጣል? ፖስተኛውስ ማን ነው ከማለታችሁ በፊት ምሳሌውን እዚህ ላቁመው።

ነገሩን በአፍንጫ ማረጋገጥ ይቻላል። አሁን ከማሽኑ የወጣ ውስኪ፣ በሙያው «ኒው ሜክ» የሚባለው፣ እንደ ውኃ የጠራ ነው። ከቮድካ አጠገብ ብታስቀምጡት በዓይን አትለዩትም። ከሁለቱም ማንኪያ ማንኪያ በየብርጭቆው አድርጉ፣ ግድግዳውን እንዲነካ አዙሩት፣ ከዚያ ድፉትና ባዶዎቹን ብርጭቆዎች አሳድሩ። ጠዋት የቮድካው ብርጭቆ ምንም አይሸትም ማለት ይቻላል። ሌላው እርጥብ ብቅል፣ ሊጥ፣ አንዳንዴም ፖም ፖም ይላል። ይህ ፈሳሽ በርሜል በዓይኑ አላየም።

ሰውዬው ልክ ቢሆን ኖሮ ያላረጀ ውስኪ የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር። አለ። በአሜሪካ ሕግ «ኮርን ውስኪ» ቢያንስ 80 በመቶ በቆሎ መሆን አለበት፤ በርሜል ውስጥ መግባት ግን ግዴታው አይደለም። ነጭ ሆኖ ጠርሙስ ይገባል፣ ውስኪም ይባላል። በተቃራኒው ስታርካ የሚባል የፖላንድና የሊትዌኒያ መጠጥ አለ። ራይ ከሚባለው እህል ይሠራል፣ ኦክ ከሚባል እንጨት በተሠራ በርሜል ውስጥ ያረጃል፣ ቡናማ ነው። ከቮድካ ወገን ይቆጠራል እንጂ ውስኪ የሚለው የለም።

ሕጉም ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ውስኪ ከ95 በመቶ በታች ዲስቲል መደረግ አለበት፤ ቮድካ የሚሠራበት አልኮል ደግሞ 95 እና ከዚያ በላይ። ድንበሩ አንድ ቁጥር ነው። የአውሮፓ ኅብረት የውስኪን ጣሪያ 94.8 ላይ አድርጎታል። እንግዲህ 96 የደረሰ አልኮል 3 ዓመት ቀርቶ 30 ዓመት ኦክ ውስጥ ቢከርም ውስኪ አይሆንም።

«ግሬን ውስኪስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሰውዬው ይህን ቢያነሳ ኖሮ አከብረው ነበር። የስኮትላንድ ግሬን ውስኪ፣ ማለትም ከብቅል ገብስ ሌላ እንደ ስንዴና በቆሎ ያለ እህል የሚገባበት ውስኪ፣ የሚወጣው ከዓምድ ማሽን ነው። የዚህ ማሽን ታዋቂ ዓይነት በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ የዋለው፣ አየርላንዳዊው የቀድሞ የኤክሳይስ ሹም ኤንያስ ኮፊ የፈለሰፈው ነው። ከእሱ የሚወጣው አልኮል ወደ 94 ሊጠጋ ይችላል። ለቮድካ ቅርብ ነው፤ አልክድም። ግን ቅርብ መሆንና መሆን ይለያያሉ፤ የተረፈችው ትንሽ ነገር በአፍንጫ ትታወቃለች። ደግሞስ ቮድካም ሙሉ በሙሉ ነጭ አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ቮድካን «የተለየ ባሕርይ፣ ሽታ፣ ጣዕምና ቀለም የሌለው» ይለው የነበረውን ሐረግ በ2020 አንስቶታል። የራይ ቮድካና የስንዴ ቮድካ ጎን ለጎን የቀመሰ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

በርሜሉ ዋጋ የለውም አላልኩም። አውሮፓ ውስጥ ውስኪ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የእንጨት በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት። በስኮትላንድ አየር በየዓመቱ 2 በመቶ ያህሉ ተንኖ ይጠፋል። ከኒው ሜክ የተለየ መጠጥ ነው የሚወጣው። እኔ የምለው ልዩነቱ እዚያ አይጀምርም ነው።

ቀለሙንማ ተዉት። ስኮትላንዶች ውስኪያቸው ላይ ካራሜል መጨመር በሕግ ተፈቅዶላቸዋል፤ ለቀለም ብቻ። ስለዚህ «ጠቆር ያለው የቆየው ነው» ብላችሁ አትግዙ። ቦርቦን ላይ ግን ቀለም መጨመር ክልክል ነው።

«ቮድካ ከድንች፣ ውስኪ ከገብስ» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። አብዛኛው ቮድካ ከእህል ነው የሚሠራው። ከወይን፣ ከወተት አጓትም ይሠራል፤ አውሮፓ ውስጥ ከእህልና ከድንች ውጭ ከሆነ ምን እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ መጻፍ አለበት። ውስኪ ግን በአውሮፓም በአሜሪካም ሕግ ከእህል ውጭ አይሆንም። ይህ እውነተኛ ልዩነት ነው፤ የሚያነሳው ሰው ግን ጥቂት ነው።

«ውስኪ ይጠነክራል» የሚሉም አሉ። የአውሮፓ ዝቅተኛ መጠን ለውስኪ 40፣ ለቮድካ 37.5 ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁለቱም 40። የሚያሰክረው ኤታኖል ያው አንድ ነው። (መጠኑ አውሮፓ ውስጥ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው የሚለካው። ሞቅ ያለ ጠርሙስ ውስጥ መለኪያ ነክራችሁ «ተጭበረበርኩ» እንዳትሉ።) 40ን ለቮድካ የወሰነው ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭ ነው የሚለው ተረትም አለ። የ1865 የዶክትሬት ሥራው በእርግጥ ስለ አልኮልና ውኃ ነው፤ የቮድካ መጠን ግን አልወሰነበትም። 40 ሩሲያ ውስጥ ደረጃ ሆኖ የወጣው በ1843 ነው፤ ሜንዴሌቭ ያኔ ገና ልጅ ነበር።

ሀንጎቨር ላይ ግን ሕዝቡ አንድ ነገር ይዟል። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የአሜሪካ ጥናት ቦርቦንና ቮድካ የጠጡ ሰዎችን አነጻጽሮ ቦርቦኖቹ ጠዋት ላይ የባሰ እንደተሰማቸው አግኝቷል። ያ አርታኢው የተወው ነገር ጠዋት ሒሳቡን ይጠይቃል ማለት ነው። ሆኖም በማግስቱ የትኩረትና የፍጥነት ፈተና ሲሰጣቸው ሁለቱም ወገኖች ከወትሯቸው ደክመው ነበር፣ እኩል። ቮድካ ስለጠጣሁ ጠዋት መንዳት እችላለሁ የሚል ካለ ይህን ያንብብ። ጥናቱ በጤነኛ ወጣቶች ላይ፣ በቦርቦን ብቻ የተሠራ መሆኑም አይረሳ።

አንድ የቀረ። ሰውዬው መጨረሻ ላይ «ጠርሙሱን ቤት ባስቀመጥከው ቁጥር ይበስላል» ብሏል። ጠርሙስ እንጨት አይደለም። 12 ዓመት የተባለ ውስኪ ቁም ሳጥን ውስጥ 10 ዓመት ቢቀመጥም ያው የ12 ዓመት ነው፤ ያውም ቁጥሩ ውስጡ ካሉት መካከል የትንሹን ዕድሜ ነው የሚናገረው። ቡሹ ከላላ ደግሞ አልኮሉ እየተነነ መሄዱ አይቀርም።