«ቀዩ ፊደል» ምንድን ነው?

አሜሪካዊው ደራሲ ናትናኤል ሆቶርን እ.ኤ.አ. በ1850 ባሳተመው፣ በዚሁ ስም በሚጠራው ልቦለድ ውስጥ፣ ቀዩ ፊደል ከደማቅ ቀይ ጨርቅ ተቆርጦ በወርቅ ክር የተጠለፈ የላቲን ፊደል «ኤ» ነው። ሄስተር ፕሪን ባሏ በሌለበት ስለወለደች ዕድሜዋን ሙሉ ደረቷ ላይ እንድታደርገው ተፈርዶባታል። ቦታው ቦስተን ነው፤ ዘመኑ 1640ዎቹ፣ ፒዩሪታኖች፣ ማለትም ጥብቅ የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች፣ ኃጢአትንና ወንጀልን ሳይለዩ የሚዳኙበት ጊዜ። ፊደሉ ምንዝር ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ ቃል «አደልተሪ» የሚጀምርበት ነው። ደራሲው ግን ቃሉን በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ጊዜ አልጻፈውም።

ቅጣቱ እንዲያው ከአየር የተፈጠረ አይደለም። ቦስተን በምትገኝበት በማሳቹሴትስ ሕግ ምንዝር በሞት ያስቀጣ ነበር፤ በ1644 አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዚሁ ተገድለዋል። ጎረቤቷ ፕሊመዝ ደግሞ በ1658 የዚያው ቃል የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት «ኤ» እና «ዲ» ከጨርቅ ተቆርጠው በአመንዝሮች ልብስ ላይ እንዲሰፉ ደንግጋለች።

ሄስተር በመጀመሪያ ሕፃኗን ታቅፋ በገበያው መሐል ከፍ ባለ መድረክ ላይ 3 ሰዓት ትቆማለች። በመድረኩ ላይ የጥፋተኛን አንገት ቀፍድዶ የሚይዝ የእንጨት ማሰሪያ አለ። እሷን በዚያ ባያስሯትም፣ ሆቶርን ስለ መሣሪያው የሚለው የአደባባይ ማሳፈርን ሥራ ሁሉ ይገልጸዋል፦ ያፈረ ሰው አንገቱን ይደፋል፣ ፊቱን ይሸሽጋል፤ ይህ እንጨት ያንኑ ይከለክለዋል። ፊደሉም ሥራው ይኸው ነው። ከመድረኩ ብትወርድም መድረኩ በሄደችበት ይከተላታል።

ይህ የሚሠራው ግን ተመልካቹ ሁሉ ፊደሉን አንድ ዓይነት አድርጎ ሲያነበው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው የዳኞቹ ሐሳብ የሚፈርሰው። ሄስተር በሽተኛ ስታስታምም፣ ድሃ ስትረዳ ዓመታት ያልፋሉ፤ ብዙዎችም «ኤ»ን «ኤብል»፣ አቅም ያላት፣ እያሉ ማንበብ ይጀምራሉ። በምዕራፍ 12 አንድ ተወርዋሪ ኮከብ ሌሊቱን ሲያበራው፣ የልጅቷ ድብቅ አባት ቄስ ዲምስዴል ሰማይ ላይ የራሱን በደል የሚናገር «ኤ» ያያል። የከተማው ሰው ደግሞ በዚያች ሌሊት ላረፉት ገዥ ለዊንትሮፕ ሲል «ኤንጀል»፣ መልአክ፣ ይለዋል። (በአማርኛ «አመንዝራ» እና «አቅም» በ«አ» መጀመራቸው መልካም አጋጣሚ ነው፤ «መልአክ» ላይ ግን ተርጓሚው ይቸገራል።)

ስለዚህ በሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በቅኔ ሰሙ ሲገፈፍ ወርቁ ይገኛል፤ አንዴ ከተገኘም ተፈታ ማለት ነው። የሆቶርን ምልክት ግን እንዲህ አይፈታም። የተማሪዎች የተለመደ ስሕተት «ኤ ማለት ምንዝር» ብሎ መዝጋት ነው። በመጨረሻ የዲምስዴል ደረት ሲገለጥም አንዳንዱ ፊደሉን ሥጋው ላይ አየሁ ይላል፣ ሌላው ምንም አልነበረም ይላል፤ ደራሲው አይፈርድም። እኛም በእሱ ፈንታ ባንፈርድ ይሻላል።

መጽሐፉን በደንብ ለማንበብ መድረኩን ተከተሉ። ሦስት ጊዜ ይመጣል፦ በምዕራፍ 2 እና 3፣ በ12፣ በ23። በየጊዜው ማን እንደቆመ፣ ቀን ይሁን ሌሊት፣ ማን እንደሚያይ መዝግቡ። በመጀመሪያው እሷ በጠራራ ፀሐይ ሕዝብ ፊት ናት፤ ቄሱ ከላይ ከሹማምንቱ ጋር ተቀምጦ ይመለከታታል። በሁለተኛው በጨለማ ከእሷና ከልጁ ጋር እጅ ለእጅ ይያያዛል። በሦስተኛው በበዓል ቀን ራሱ ወጥቶ ይናዘዛል፤ እዚያው ይሞታል። ያልታየው ኀፍረት ከታየው ይልቅ ገዳይ ሆነ።

ምዕራፍ 18 እና 19ም አይዘለሉ። ሄስተር በጫካ ውስጥ ፊደሉን ነቅላ ስትጥል ፀሐይ ይወጣላታል፤ የ7 ዓመቷ ልጇ ፐርል ግን እናቷ መልሳ እስክታደርገው ድረስ አልቀርብም ትላለች። ልጅቷ ያለ ፊደሉ እናት አታውቅም። ከዓመታት በኋላ ሄስተር ከባሕር ማዶ ወደ ቦስተን ስትመለስም የሚያስገድዳት ዳኛ አልነበረም፤ ፊደሉን በራሷ ፈቃድ ደረቷ ላይ መልሳ አደረገችው።