ሴቶችና የማታ መንገድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከአንድ ታክሲ የወረዱ ወንድና ሴት በአንድ መንገድ ቢሄዱም ጉዟቸው አንድ አይደለም። የማታ ተማሪዋ ገና ታክሲው ውስጥ ሳለች ታኮ ጫማዋን በሸራ ጫማ ትቀይራለች፤ ወንድሟ አስፋልቱ ድረስ እንዲወጣ ትደውልለታለች፤ እሱ ካልተመቸው ደግሞ ጭር ያለውን አቋራጭ ትታ ሱቆች ባልተዘጉበት ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ትሄዳለች። ይህን ጥንቃቄ የሚያቃልሉ አመለካከቶች ዛሬም በብዛት ይሰማሉ።

«በማታ የሚደበደበውና የሚገደለው ወንድ ስለሆነ የሴቶች ፍርሃት የተጋነነ ነው።»

በዓለም ላይ ሆን ተብሎ ከሚገደሉ ሰዎች 80 በመቶ ያህሉ ወንዶች መሆናቸውን የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል ጉዳዮች ቢሮ ጥናቶች ያሳያሉ። ስህተቱ ከቁጥሩ የሚወሰደው ድምዳሜ ነው። ፈርታ የማታ ትምህርቷን ያቋረጠች ወይም የሌሊት ተራ ያለበትን ሥራ ያልተቀበለች ሴት በወንጀል መዝገብ ላይ አትገኝም፤ የከፈለችው ዋጋ ግን ከባድ ነው። ለከፋም ቢሆን፣ ማለትም እጅ መያዙ፣ መንገድ መዝጋቱና እየተከተሉ መሳደቡ፣ ፖሊስ ጣቢያ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። ከኋላዋ የሚመጣው ሰው እርምጃውን ሲያፈጥን ለክፎ ብቻ የሚያልፍ መሆኑን የምታውቀው ካለፈ በኋላ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ለከፋ የከፋ ነገር መጀመሪያ ሊሆን እንደሚችል ብትቆጥረው አላጋነነችም።

«ወንድ ልጅ አይፈራም።»

የብሪታንያ ብሔራዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ባካሄደው ዳሰሳ፣ ከመሸ በኋላ በቤታቸው አቅራቢያ ባለ ጭር ያለ መንገድ ብቻቸውን ሲሄዱ ስጋት እንደሚሰማቸው የተናገሩት ከሁለት ሴቶች አንዷ፣ ከሰባት ወንዶች ደግሞ አንዱ ነበሩ። እኛም ዘንድ ማጅራት መቺን የማይፈራ ወንድ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ፈራሁ ማለት ነውር ሆኖበት ስላደገ አይናገረውም።

«ቤቷ ከገባች ተረፈች።»

ይህ ከሁሉም የሚያሳዝነው ስህተት ነው። በተባበሩት መንግሥታት ግምት እ.ኤ.አ. በ2023 ሆን ተብሎ ከተገደሉት 85,000 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች መካከል 60 በመቶው የተገደሉት በትዳር ወይም በፍቅር አጋሮቻቸው አለዚያም በቤተሰባቸው አባላት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳም፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች ከሦስቱ አንዷ ገደማ ከባሏ አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባታል። ሴት ልጁን «ሳይመሽ ግቢ» የሚል አባት በቅንነት ቢናገርም፣ ምክሩ ከደጅ እንጂ ከቤት ውስጥ ጥቃት አያድናትም።

«አለባበሷ ነው የጋበዘው።»

ነጠላዋን ተከናንባ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ ሴትም ትለከፋለች። ጥፋቱ የለካፊው ነው።

«መብራት ከተተከለ ችግሩ ይፈታል።»

መብራት በእርግጥ ይጠቅማል፤ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በደረሰባቸው የአዲስ አበባ ጎዳናዎች ምሽቱ ተለውጧል። ይሁን እንጂ የሴቷ ስጋት የሚበረታው ከአስፋልቱ ወደ ሰፈር ስትታጠፍ፣ ሁለት ረጃጅም አጥሮች በመካከላቸው ባስቀሩት መተላለፊያ ላይ ነው። እዚያ አምፖል ብቻውን በቂ አይደለም፤ አምሽቶ የሚሠራ ሱቅ፣ ስትጣራ የሚሰማ ጥበቃ፣ ደጇ አቅራቢያ የሚያደርሳት ታክሲና አቤቱታዋን ተቀብሎ የሚመዘግብ ፖሊስ ያስፈልጋታል።