ሳይቸግር ጤፍ ብድር

ዕለቱ የሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2015። ካናዳ፣ ኤድመንተን ከተማ፣ አንድ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ለፋሲካ የሚሆን የጤፍ ዱቄት ልገዛ ተሰልፌያለሁ። ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የአልበርታ ክፍለ ሀገር ፕሪሚየር (የክፍለ ሀገሩ መንግሥት መሪ) ጂም ፕሬንቲስ የክፍለ ሀገሩን ምክር ቤት አስበትነው ለሜይ 5 ጠቅላላ ምርጫ መጥራታቸውን ያወራል። ባለሱቁ ቀና አለና «ምርጫው ለከርሞ አልነበረም እንዴ?» አለ። ከኋላዬ የቆሙ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው አዛውንት ከረጢታቸውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው እያዛወሩ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሱቁ ውስጥ የነበርን ሁሉ ገብቶናል።

ከዚያ ወዲህ ምርጫ ቀኑን ቀድሞ በተጠራ ቁጥር ይህች አባባል ትመጣብኛለች። ብዙ ሰው ግን ያለቦታዋ ሲጠራት እሰማለሁ፤ ስለዚህ ከሥሯ ላንሳት።

አባባሏ ሦስት ቃል ብቻ ናት፤ የሚቋጫት ማሰሪያ ግሥ የላትም። «ሳይቸግር» እና «ብድር» ቤት ይመታሉ፣ መሐል ላይ ጤፍ ቁጭ ብሏል። ገብስ ብድር አይባልም፤ ባቄላ ብድር አይባልም። ለምን ጤፍ እንደሆነ የሚገባው እህል ሲሰፈር ያየ ሰው ነው።

ልጅ ሆኜ ክረምቱን አያቴ ዘንድ፣ ምሥራቅ ጎጃም ቢቸና አካባቢ ነበር የማሳልፈው። አንድ ነሐሴ የጎረቤት ሴት እንቅብ ይዛ መጣች። የማኅበር ተራዋ ደርሷል። «እትዬ፣ ሁለት ቁና ጤፍ ያበድሩኝ፣ ታኅሣሥ ላይ ካውድማ ሲወጣ እመልሳለሁ» አለች። አያቴ ቁናውን አወጡና ወደ እኔ ዞረው «ሰፌዱን ከሥር አድርጊው ልጄ፣ ጤፍ መሬት ከነካ አይለቀምም» አሉኝ። ሰፌዱን ዘረጋሁ። ጤፉ ከጎተራው ሲወርድ እንደ ውኃ ነበር የሚፈሰው፤ ቁናው ሞልቶ፣ ጫፉ ላይ ሾል ብሎ፣ ዙሪያውን ወደ ሰፌዱ ይንሸራተታል። ሴትዮዋ እንቅቡን ተሸክማ ከሄደች በኋላ ሰፌዱ ላይ የቀረውን አያቴ በእጃቸው ሰብስበው ወደ ጎተራው መለሱና እንዲህ አሉ፦ «ገብስ ሞልቷታል እኮ። የገብስ እንጀራ ብታቀርብ ማን ያማታል?» ሐሜት አልነበረም፤ አዝነው ነው የተናገሩት።

የአባባሏ ትርጉም እዚያ ሰፌድ ላይ አለ። ጤፍ ከእህል ሁሉ ፍሬው ደቃቅ ነው፤ ስሙን «ጠፋ» ከሚለው ቃል ጋር የሚያዛምዱትም ለዚህ ነው። ሲሰፈር ይፈስሳል፣ ሲጓጓዝ በእንቅቡ ስፌት ያመልጣል፤ የተበደሩት ሁለት ቁና ቤት ሲደርስ ሁለት ቁና አይሞላም፤ የሚመለሰው ግን ሙሉ ሁለት ቁና ነው። ደግሞም ልፋቱ። የጤፍ መሬት ደጋግሞ ይታረሳል፣ አረሙ ጎንበስ ብሎ በእጅ ይለቀማል። በዚያ ላይ ነቀዝ ስለማይደፍረው ባለቤቱ ለክፉ ቀን የሚያኖረው እህል ነው፤ አበድረኝ ማለት የሰውየውን መጠባበቂያ መንካት ነው። ተበዳሪውም የታኅሣሡ አዝመራ ገና ካውድማ ሳይወጣ ሁለቱ ቁና የሰው ሆኗል።

የቸገረው ሰው ይህን ሁሉ እያወቀ ይበደራል፤ ማንም አይፈርድበትም። አባባሏ የምትይዘው ሳይቸግረው የሄደውን ነው። ክብደቷ ያለው «ጤፍ» ላይ አይደለም፣ «ብድር» ላይም አይደለም፤ «ሳይቸግር» ላይ ነው። ወደው የገቡበት ጣጣ፣ ማንም ሳይጠይቅ የተከፈተ በር፣ በገዛ እጅ የታሰረ ዕዳ።

ወደ አልበርታ ልመለስ። እዚህ ካናዳ የክፍለ ሀገር ምርጫ ከአምስት ዓመት በላይ ሊቆይ አይችልም፤ ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል። ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጀምሮ፣ እሷ በ2001፣ አብዛኞቹ ክፍላተ ሀገር በየአራት ዓመቱ የሚመላለስ ቋሚ የምርጫ ጊዜ በሕግ ወስነዋል። ሆኖም እነዚህ ሕጎች የዘውዱን እንደራሴ (ሌፍተናንት ገቨርነሩን) ምክር ቤቱን የመበተን ሥልጣን አልነኩትም። ፕሪሚየሩ ወደ እንደራሴው ቤት ሄዶ ይበተንልኝ ካለ ይበተናል። በሩ ሁልጊዜ ገርበብ ብሎ ነው ያለው። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ በኢትዮጵያም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 60 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምክር ቤቱ ፈቃድ ዘመኑ ሳያልቅ አዲስ ምርጫ ሊያስደርግ እንደሚችል ተጽፏል፣ ነገር ግን እኛ ምርጫ ሲራዘም እንጂ ሲቀድም አላየንም።

ፕሬንቲስ በ2015 ምን ጎደላቸው? በሕጉ መሠረት ምርጫው በ2016 ከማርች እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ነበር የሚደረገው። ፓርቲያቸው ፕሮግረሲቭ ኮንሰርቫቲቭ ከ1971 ጀምሮ ለ44 ዓመታት ያለማቋረጥ ገዝቷል። ከ87ቱ መቀመጫ 70ው በእጃቸው ነበር። በዲሴምበር 2014 የዋናው ተቃዋሚ የዋይልድሮዝ መሪ ዳንየል ስሚዝ ስምንት የምክር ቤት አባላት አስከትላ ወደ እሳቸው ገብታለች። የነዳጅ ዋጋ ወድቆ ካዝናው ተናግቶ ነበር፣ ይህ እውነት ነው፤ በማርች መጨረሻ ያቀረቡት በጀትም ግብርና ክፍያ ጨምሯል። ግን በጀቱን ለማጽደቅ የሚያስፈልገው ድምፅ ሁሉ ምክር ቤቱ ውስጥ ተቀምጦላቸዋል። ለዕቅዴ የሕዝብ ፈቃድ ልጠይቅ ነው አሉ። ጎተራቸው ሙሉ ሆኖ ቁና ይዘው የወጡት በዚህ ጊዜ ነው።

ያንን ኤፕሪል አልረሳውም። በረዶው ገና አልቀለጠም፣ ከሥሩ ያለው አፈር እንደ ድንጋይ ነው፤ የዕጩዎችን ምልክት ሣር ላይ የሚተክሉ በጎ ፈቃደኞች ሽቦውን በመዶሻ ሲመቱ ይውላሉ። መጀመሪያ የገዢው ፓርቲ ሰማያዊ በዛ፤ ከዚያ ከሳምንት ሳምንት የኒው ዴሞክራቲክ ብርቱካንማ እየጨመረ መጣ። አራት መቀመጫ ብቻ የነበረው ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለ87ቱም ወረዳ ዕጩ ሲያፈላልግ ገና ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶች ሳይቀሩ ስማቸውን አስመዘገቡ። የእኛም ሰዎች በየቡና ቤቱና በየታክሲ ማቆሚያው የሚሉት አንድ ነበር፦ ምን ቸገራቸው? ስለ ግብሩ ሲነሳም፣ ስለ ሆስፒታሉ ሲነሳም ጨዋታው ዞሮ እዚያው ላይ ያርፋል።

የሜይ 5 ምርጫ ውጤት ታወቀ። የራሔል ኖትሊ ኒው ዴሞክራቲክ 54፣ ዋይልድሮዝ 21፣ የፕሬንቲስ ፓርቲ 10። የኤድመንተን መቀመጫ በሙሉ ብርቱካንማ ሆነ። ፕሬንቲስ የራሳቸውን የካልጋሪ ወረዳ አሸንፈው ነበር፤ በምርጫው ምሽት ግን መሪነቱንም መቀመጫውንም ለቀቁ። በቀጣዩ ዓመት ኦክቶበር በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፤ ነፍስ ይማር። ለአገራቸው ብዙ የሠሩ ሰው ስለነበሩ ስማቸውን በዚህች አባባል ብቻ ማንሳቱ ይከብደኛል።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አባባን አገኘኋቸውና «እንዳሉት ሆነ» አልኳቸው። ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ። «እኔ መች ይሸነፋሉ አልኩ? ምን ቸገራቸው ነው ያልኩት» አሉኝ።

ልክ ነበሩ፤ እኔ ነኝ ያለቦታዋ የወሰድኳት። ለሽንፈት የተባለ ሌላ ተረት አለን፦ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች»። ይሄኛው ውጤቱ ከታየ በኋላ የሚነገር ነው፤ የወደቀው ወድቋል፣ እጅ ባዶ ቀርቷል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ግን የምትባለው ገና እንቅቡ በእጅ እያለ ነው። ትንቢት አይደለችም። ተበዳሪው ታኅሣሥ ላይ ይክፈል አይክፈል አታውቅም፣ ልወቅም አትልም። የምትመዝነው መበደሩን ነው። ስለዚህም ቦታዋ የምርጫው ዋዜማ ነው፤ ፕሪሚየሩ ከእንደራሴው ቤት ከወጣበት ሰዓት የመጀመሪያው ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ።

ሁለቱ ተረቶች ተከታትለው የሚመጡበት ጊዜ መኖሩ ግን ሐቅ ነው። በኦንታሪዮ ዴቪድ ፒተርሰን በ1987 ከ130 መቀመጫ 95 አግኝተው ሳለ፣ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው በጁላይ 1990 መጨረሻ፣ ሰው ለዕረፍት በተበተነበት በጋ፣ ምርጫ ጠሩ። ሴፕቴምበር 6 ላይ 36 ቀረላቸው፤ እዚያው ኦንታሪዮ ባለችው ለንደን ከተማ የነበረውን ወረዳቸውንም አጡ። ቦብ ሬ በ74 መቀመጫ የኦንታሪዮ የመጀመሪያው የኒው ዴሞክራቲክ ፕሪሚየር ሆኑ። በኬቤክ ደግሞ የፖሊን ማርዋ መንግሥት በ2013 የምርጫ ቀን በሕግ ወስኖ፣ ቀኑ 2016 ነው ብሎ፣ ራሱ በማርች 2014 ምክር ቤቱን አስበተነ። አብላጫ አልነበራቸውምና ትንሽ ቸግሯቸዋል ማለት ይቻላል። መራጩ ግን 70 መቀመጫ ለሊበራሎች፣ 30 ለእሳቸው ፓርቲ ሰጠ፤ እሳቸውም ወረዳቸውን አጡ።

ተቃራኒውም አለ፣ መደበቅ የለበትም። ጆን ሆርገን በ2020 ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ በወረርሽኙ መሐል አንድ ዓመት አስቀድመው ጠርተው ከ87ቱ 57 አገኙ። የኖቫ ስኮሺያው ቲም ሂውስተን ራሳቸው በ2021 ያወጡት ሕግ ምርጫውን ለጁላይ 2025 ቀጥሮት እያለ በኖቬምበር 2024 አስደረጉት፤ ከ55ቱ 43 ወሰዱ። የኦንታሪዮው ዳግ ፎርድ የጁን 2026ቱን ምርጫ ወደ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2025 አምጥተው፣ የአሜሪካ ቀረጥ መጣብን ብለው፣ በ80 መቀመጫ ተመለሱ። ታዲያ አባባሏ ዋሸች? እንደ አባባ ላሰበ ሰው አልዋሸችም። ሕዝቡ «ቸግሯቸዋል» ብሎ አምኗቸው ይሆናል፤ ወይም ተቃዋሚው ከዚያ የባሰ መስሎት። ብድሩ ተከፈለ ማለት ግን መበደሩ አስፈላጊ ነበር ማለት አይደለም። በኖቫ ስኮሺያም በኦንታሪዮም ለመምረጥ የወጣው ሰው ከግማሽ በታች መሆኑን ሳስብ፣ ሰፌዱ ላይ የፈሰሰው ይታየኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ «ብድር» ቃል። በአማርኛ ብድር የሚበሉት ገንዘብ ወይም እህል ብቻ አይደለም፤ ውለታም በቀልም ብድር ነው። «ብድሬን መለሰልኝ» ሲባል ደግ ይሁን ክፉ የሚታወቀው ካነጋገሩ ነው። «ብድር በምድር» የምንለውም ይህንኑ ነው። ሳይቸግረው ከሰው ደጅ የሄደ ሰው ሁለት ቁና ብቻ አይደለም የወሰደው፤ አበዳሪው የሚመልሰው አጸፋም በእጁ ነው። በአልበርታ ያየሁት ብስጭት ከግብሩ ይልቅ በዚህ ይገባኛል። ሰዉ ተደፈርኩ ብሎ ነበር፤ ተራዬ ሳይደርስ ደጄ ተንኳኳ፣ የተነገረኝም ምክንያት አልጣመኝም ብሎ።

በ2025ቱ የኦንታሪዮ ምርጫ የአክስቴ ልጅ ቶሮንቶ ውስጥ ለአንድ ዕጩ ቤት ለቤት ስትቀሰቅስ ከረመች። ከዜሮ በታች ብርድ ነው፤ በየበሩ ቆማ ስልኳ ላይ «ይደግፋል፣ አይደግፍም፣ አልወሰነም» የሚለውን ትሞላለች። አንድ የፎቅ ቤት በር ስታንኳኳ ነጠላ የለበሱ እናት ከፈቱላት፤ አማርኛ ተናጋሪ መሆኗን ሲያውቁ አስገብተው ሻይ ሰጧት፣ እጇን በእጃቸው መሐል አድርገው አሞቁላት። ማንን እንደሚመርጡ ስትጠይቃቸው «እሱን ተዪው ልጄ» አሏት። «ምን ቸገራቸው ብለሽ ጠይቂልኝ።»

ስልኩ ላይ ለዚህ የሚሆን ሳጥን አልነበረም። «ማስታወሻ» የሚለውን መስመር ከፍታ በአማርኛ እንዳለ ጻፈችው።