ዕጢውን አውጥቶ ኩላሊቱን ማትረፍ፦ የሌዘር ድርሻ

ሌዘርና ኩላሊት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ጠጠር ነው። እዚህ ግን የምናወራው ስለ ዕጢ ነው።

ዕጢውን ብቻ ቆርጦ ማውጣት አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ቪንሴንስ ቼርኒ በጀርመን ሃይደልበርግ በ1887 እ.ኤ.አ. ሠርቶታል። ያም ሆኖ ለረጅም ዘመን የተለመደው ኩላሊቱን ከነዕጢው ማውጣት ነበር። ዛሬ ዕጢው ከ4 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠና ቦታው ካላስቸገረ ኩላሊቱን ማትረፍ ይመረጣል። በተለይ ስኳር ወይም ደም ግፊት ላለበት ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ የቀረችው አንዷ ኩላሊት ከደከመች ቀጣዩ እጥበት ነውና።

ጣጣው ደሙ ነው። ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛው ገደማ ወደ ኩላሊቶች ይሄዳል። ስለዚህ ሐኪሙ ዋናውን የደም ሥር በመቆንጠጫ ይዘጋና ይቆርጣል፤ ግን ደም የተቋረጠበት ኩላሊት ብዙ አይታገሥም፣ ቆርጦ፣ ሰፍቶ፣ መቆንጠጫውን ለመልቀቅ ያለው ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቢሆን ነው። ሌዘር የተፈለገው እዚህ ጋ ነው። እየቆረጠ በሙቀቱ ትንንሽ የደም ሥሮችን ይዘጋል፣ ስለዚህ ምናልባት መቆንጠጫው ላያስፈልግ ይችላል።

ሌዘር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ኤንዲ ያግ የሚባለው ሙቀቱ ብዙ ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ጤነኛውንም ሥጋ ይጎዳል። ሆልሚየምና ቱሊየም የሞገድ ርዝመታቸው 2,000 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው፤ ብርሃናቸውን ውሃ ቶሎ ስለሚውጠው ጉዳታቸው ከግማሽ ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ሆልሚየም ቁርጥ ቁርጥ እያለ ስለሚተኩስ ደም ያፈናጥቃል። ቱሊየም ሳይቋረጥ ስለሚበራ አቆራረጡ ለስለስ ያለ ነው፤ ደም በማቆምም ይሻላል። እኔን ብትጠይቁኝ ለዚህ ሥራ የሚያዋጣው እሱ ነው።

ችግሩስ? ጭሱ። በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ሲሠራ ሆድ ውስጥ የሚሞላው ጭስ ሌንሱን ይጋርዳል፤ ሐኪሙ ደጋግሞ ማስወጣት አለበት። በዚያ ላይ የተቆረጠው ቦታ ድስት ሥር እንደተያዘ ወጥ ይጠቁራል፣ እና ዕጢው የቱ ጋ አልቆ ጤነኛው ሥጋ የቱ ጋ እንደጀመረ በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ ለካንሰር ቀዶ ጥገና ደግሞ ዋናው ነገር እሱ ነው። ትልልቅ የደም ሥሮችን ሌዘሩ አይችላቸውም፣ ሽንት የሚሰበሰብበት ክፍል ከተከፈተም መስፋት ግድ ነው።

ስለዚህ ሌዘር የሚስማማው ትንሽ ለሆነና ወደ ውጭ ላበጠ ዕጢ ነው። እስካሁን የታተሙት ጥናቶችም በአብዛኛው ጥቂት ሰዎች ላይ፣ ያውም ቀለል ያሉ ዕጢዎች ተመርጠው የተሠሩ ናቸው፤ ውጤታቸው ማማሩ አይገርምም። መደበኛው አሠራር አሁንም መቀስ፣ መቆንጠጫና ስፌት ነው፣ አቅም ባለበት ደግሞ በሮቦት። ያለ መቆንጠጫ በሌዘር ሊቆርጥ የተነሣ ሐኪም እንኳ መጀመሪያ ዋናውን የደም ሥር አግኝቶና ለይቶ፣ መቆንጠጫውን አዘጋጅቶ ነው የሚጀምረው።