ስለ «ኦዝ» ካሴቶችና ዲስኮች የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንድ ፊልም ስንት ጊዜ ይገዛል? እኔ «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ»ን አምስት ጊዜ ገዝቻለሁ። አንዴ በካሴት፣ ሁለቴ በዲቪዲ፣ አንዴ በብሉሬይ፣ በመጨረሻም በፎር ኬ (ከብሉሬይ የጠራው አዲሱ የዲስክ ዓይነት)። ቤት ውስጥ ይሄን ቁጥር ጮክ ብዬ አልናገርም።

ፊልሙን ላላያችሁት ባጭሩ፦ ዶሮቲ የምትባል የካንሳስ ልጅ ከነውሻዋ፣ ከነቤቷ አውሎ ነፋስ ይወስዳትና ኦዝ የሚባል አገር ላይ ትወድቃለች። ወደ ቤቷ ይመልሰኛል ያለችውን ጠንቋይ ፍለጋ በቢጫው የጡብ መንገድ ትጓዛለች። መንገድ ላይ አንጎል የሚፈልግ የገለባ ሰው፣ ልብ የሚፈልግ የቆርቆሮ ሰውና ድፍረት የሚፈልግ አንበሳ ይቀላቀሏታል። ኤምጂኤም የሚባለው የአሜሪካ ፊልም ኩባንያ ፊልሙን ያወጣው በ1939 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቤት ውስጥ በካሴት መታየት የጀመረው በ1980። ከዚያ ወዲህ ሃምሳኛ፣ ሰባኛ፣ ሰማንያኛ ዓመቱ እየተባለ አዲስ ሳጥን ይወጣለታል። ሳጥኑ በበዛ ቁጥር ወሬውም በዛ። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«የ1939 ፊልም ፎር ኬ ሆኖ ምን ሊያመጣ ነው?»

ብዙ ያመጣል። የድሮ ፊልም ደብዛዛ ነው የሚል ሐሳብ የመጣው ፊልሙን በቴሌቪዥንና በካሴት ስላየነው ነው። ደብዛዛው ፊልሙ ሳይሆን ካሴቱ ነበር። አንድ የአሜሪካ ዲቪዲ ምስል ከላይ እስከ ታች 480 መስመር ነው የሚይዘው። ብሉሬይ 1080፣ ፎር ኬ 2160። 35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ የተቀረጸው ደግሞ ዲቪዲ ከሚችለው በጣም ይበልጣል።

ኦዝ ላይ ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። የተቀረጸው ቴክኒከለር በሚባለው ዘዴ ነው። በካሜራው ሌንስ የገባው ብርሃን በፕሪዝም ይከፈልና ሦስት የፊልም ጥቅልሎች ላይ ያርፋል፤ አንዱ ቀዩን፣ አንዱ አረንጓዴውን፣ አንዱ ሰማያዊውን ይይዛል። ሦስቱም ጥቁርና ነጭ ናቸው። አዎ፣ በቀለሙ ዓለም የሚያደንቀው ፊልም ዋናው ኔጋቲቩ (ካሜራው ውስጥ የተቀረጸው ፊልም) ላይ ጠብታ ቀለም የለውም። ቀለሙ የሚመጣው ሲታተም ነው። ለዕድሜው የጠቀመውም ይሄው ነው፤ የቀለም ኔጋቲቭ በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል፣ ጥቁርና ነጩ ግን እንደሱ አይደበዝዝም።

ችግሩ ሌላ ነው። ሦስቱ ጥቅልሎች ሲያረጁ እኩል አይኮማተሩም። ስለዚህ አንዱ በሌላው ላይ ሲነባበር ልክ አይገጥምም፤ የነገሮቹ ጠርዝ ላይ የቀለም ጥላ ይወጣል። ለ2009ኙ የሰባኛ ዓመት እትም ሦስቱም በ8ኬ (ከፎር ኬም በላይ በሆነ ጥራት) ተቀድተው በኮምፒውተር ተገጣጠሙ። በ2019 የወጣው ፎር ኬ ዲስክ ደግሞ ይህን ጥራት ብሉሬይ ከሚችለው በላይ አሳየን። እኔ ልዩነቱን ያወቅሁት በጫማው ነው። ካሴቴ ላይ የዶሮቲ ጫማ ቀይ ጭጋግ ነበር። ፎር ኬው ላይ ጫማውን የሸፈኑት የሚያብለጨልጩ ጥቃቅን ክቦች አንድ በአንድ ይለያሉ። የገለባው ሰው ፊት ላይም የጆንያው ሽመና ይታያል። ክፉ ጎንም አለው፤ ከኋላ ያለው ሥዕል ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት መስመር አብሮ ይታያል። ለኔ ይሄም ደስ ይላል።

በነገራችን ላይ፣ ምስሉ ላይ የሚርመሰመሰው ደቃቅ ቅንጣት ቆሻሻ አይደለም። የፊልሙ ተፈጥሮ ነው። ቴሌቪዥናችሁ ላይ «ምስል አጥራ» የሚለውን ነገር አጥፉት።

«የካንሳሱ ክፍል ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቡናማ ያደረጉት በኋላ ነው»

ይሄኛው ላይ ሰው ይጣላል። «እኔ በልጅነቴ ያየሁትን አውቃለሁ!» ይላል። ልክ ነው፣ ያየው ጥቁርና ነጭ ነው። ግን ያየው ዋናውን አይደለም።

በ1939 ፊልሙ ሲወጣ ካንሳስ የሚታየው ሴፒያ በሚባለው ቡናማ ቀለም ነበር። በ1949 እንደገና ለሲኒማ ቤት ሲታተም ቡናማው ቀረና ተራ ጥቁርና ነጭ ሆነ። ቴሌቪዥን ላይ ለዓመታት የታየው፣ የመጀመሪያዎቹ ካሴቶች ላይ የገባውም ይሄው ነው። ቡናማው የተመለሰው በ1989 በሃምሳኛ ዓመቱ ካሴት ነው። ስለዚህ «አዲሱ እትም አበላሸው» ሲባል ነገሩ ተገልብጧል፤ አዲሱ ነው የጠገነው። (በ1956 የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲቢኤስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስተላልፈው ደግሞ አብዛኛው ሰው ቤት የነበረው ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚያሳየው። ለነሱ ኦዝም እንደ ካንሳስ ግራጫ ነበረች።)

ቡናማው ለምን ያስፈልጋል ለሚል፣ ዶሮቲ በሩን የምትከፍትበትን ቦታ ያስተውል። ቤቱ ውስጥ ሁሉ ነገር ቡናማ ነው፣ በሩ ሲከፈት ውጭው በቀለም ያበራል። በአንድ ሾት፣ ሳይቆረጥ! ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን እንዴት ሠሩት? ቤቱን ከውስጥ ቡናማ ቀለም ቀቡት። በሩን የምትከፍተውም ዶሮቲን የምትጫወተው ጁዲ ጋርላንድ አይደለችም፤ ቡናማ ቀሚስ የለበሰች ተተኪዋ ናት። ተተኪዋ ወደ ጎን ፈቀቅ ትላለች፣ ጋርላንድ በሰማያዊ ቀሚሷ ትገባለች። ሾቱ ከመጀመሪያውም በቀለም የተቀረጸ ነው። ከሱ በፊት ያለው ክፍል ቡናማ ሲሆን ነው መሸጋገሪያው የማይነቃው። ዲስኩ ካላችሁ እዚህ ጋ አቁማችሁ የሴትየዋን ጀርባ ተመልከቱ።

«ጎንና ጎኑ ጥቁር ከሆነ ምስሉ ተቆርጧል»

አልተቆረጠም። ፊልሙ የተሠራው 1.37 ለ1 በሆነ፣ ወደ ካሬ በተጠጋ ቅርጽ ነው። ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ ጎኑ ባዶ መሆን አለበት። «ስክሪኑ ይሙላ» ብላችሁ ዙም ስታደርጉ ነው የምትቆርጡት። ያኔ ወይ የጠንቋይዋ ባርኔጣ ወይ የዶሮቲ ጫማ ይሄዳል።

«የድሮው ካሴት ላይ ራሱን የሰቀለ ሰው ይታያል»

አለ ከተባለው ወሬ ሁሉ ቀዳሚው። ከቆርቆሮው ሰው ጎጆ ተነስተው እየዘፈኑ በመንገዱ ሲሄዱ ከኋላ፣ ከዛፎቹ መሃል የሆነ ጥቁር ነገር ይንቀሳቀሳል። ወሬው እንደሚለው ዶሮቲን ኦዝ ላይ ከሚቀበሏት ድንክዬ ተዋንያን አንዱ በፍቅር ተጎድቶ ራሱን የሰቀለበት ቅጽበት ነው፤ ኩባንያው አፍኖት በአዲሶቹ ዲስኮች ላይ በወፍ ተካው። «ስለዚህ የድሮውን ካሴት አትጣሉ» ይባላል።

የሚታየው ትልቅ ወፍ ነው፣ ክንፉን ሲዘረጋ። ጫካው ሕይወት ያለው እንዲመስል ከሎስ አንጀለስ መካነ እንስሳት ወፎች ተውሰው ስቱዲዮው ውስጥ ለቀዋቸዋል። እዚያው ትዕይንት ላይ ቀደም ብለው ሌሎች ወፎችም ይታያሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ጫካው የተቀረጸው የድንክዬዎቹ ትዕይንት ከመቀረጹ በፊት ነው።

ወሬው ጎልቶ መሰማት የጀመረው በ1989ኙ ካሴት ሰሞን መሆኑ አይገርምም። ሰው መጀመሪያ ጊዜ ወደኋላ እየመለሰ፣ እያቆመ ማየት ቻለ። ካሴት ደግሞ ሲቆም ይንቀጠቀጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ወፉም የፈለጋችሁትን ይመስላል። እኔ ራሴ አንድ ምሽት ሙሉ አቁሜ አፍጥጬ «አየሁት» ብዬ ምያለሁ። ብሉሬዩ ሲመጣ ክንፍ ሆኖ አረፈው።

«ያልተቆረጠው ሙሉ እትም የሆነ ቦታ አለ»

የሚሸጥላችሁ ካለ ይዋሻል። ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ለተመልካች ሙከራ ሲታይ ይረዝም ነበር፤ ከዚያ ተቆራርጦ ወደ 102 ደቂቃ ግድም ወረደ። ከተቆረጡት ዋናው «ዘ ጂተርበግ» የሚባለው የዘፈንና የጭፈራ ትዕይንት ነው። የዘፈኑ ድምፅ ተርፏል። ምስሉ ግን ጠፍቷል። ያለው ብቸኛ ነገር የዜማው ደራሲ ሃሮልድ አርለን ልምምድ ላይ ሆኖ በራሱ ትንሽ ካሜራ የቀረጸው ድምፅ አልባ ቁራጭ ነው። የገለባው ሰው ረጅሙ ጭፈራ ግን ከነምስሉ ተገኝቷል። ሁለቱም በሰብሳቢ እትሞች ላይ ለብቻቸው ተቀምጠዋል እንጂ ፊልሙ ውስጥ አልተመለሱም።

«ካሴቱ ካልተከፈተ ሀብት ነው»

የ1989ኙን ካሴት የገዛሁት ከነላስቲኩ ነው። ሻጩ «ሰው ያልነካው» ብሎ ማለልኝ። ለወራት መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ስኮራበት ቆየሁ። አንድ ቀን አላስቻለኝም፣ ከፈትኩት። በመስኮቷ በኩል ጥቅልሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተነስንሷል። ሻጋታ!

ላስቲክ እርጥበትን አያስቆምም። ቴፑ ተከፈተም ታሸገም ያረጃል። እንዲህ ያለውን ማጫወቻ ውስጥ ብትከቱት ማጫወቻውን ያቆሽሻል፣ ቀጥሎ የሚገባውንም ካሴት ይበክላል። ላስቲኩ ራሱ ማስረጃ አይደለም፤ ያገለገለ ካሴት እንደገና ማሸግ ቀላል ነው። ደግሞ የ1989ኙ በገፍ የታተመ ነው። ሰብሳቢ በውነት የሚፈልገው የ1980ውን የመጀመሪያ እትም፣ ያውም ሳጥኑ ንጹሕ ከሆነ ነው።

ተራ ቁጥር የተጻፈበት ሳጥንም እንዲሁ ነው። የ2009ኙ ትልቁ እትም ቁጥር አለው፣ ውስጡም የእጅ ሰዓት፣ መጽሐፍና የፊልሙ የወጪ ዝርዝር ቅጂ ይዟል። የወጪ ዝርዝሩ ደስ ይላል፣ ሰዓቱ ቆሟል። ምስሉ ግን ተራው ብሉሬይ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው።

ስለ ስሪዲው

ፊልሙ በስሪዲ (በመነጽር ሲያዩት ጥልቀት ያለው በሚመስል ምስል) አልተቀረጸም። በ2013 በኮምፒውተር የተቀየረ ነው፣ ለ75ኛ ዓመቱ ተብሎ፤ 75 ዓመት ግን የሚሞላው በ2014 ነበር። የልደት ኬክ አንድ ዓመት ቀድሞ ተቆረሰ። አሁን የስሪዲ ቴሌቪዥን መሠራቱ ስለቆመ፣ ቴሌቪዥኑ ከሌላችሁ ለሱ ብላችሁ አትግዙ።

«የሌላ አገር ዲስክ እኔ ጋ አይሠራም»

ለዲቪዲና ለብሉሬይ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በክልል ኮድ ይቆለፋሉ፤ ማለትም ለአንድ የዓለም ክፍል የተሠራው በሌላው ማጫወቻ ላይ እንዳይከፈት ይደረጋል። ፎር ኬ ዲስክ ግን ኮድ የለውም። የሚያስፈልገው የፎር ኬ ማጫወቻ ነው፤ ተራ የብሉሬይ ማጫወቻ አያነበውም። ሳጥኑ ውስጥ ተጨማሪ ብሉሬይ ካለ ያኛው ላይ ግን እንደተለመደው ኮዱን ማየት ያስፈልጋል።

«መግቢያው ላይ የኤምጂኤም አንበሳ እያገሳ ሳጥኑ ላይ ዋርነር ካለ ፎርጂድ ነው»

አይደለም። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ባለሀብት ቴድ ተርነር በ1986 ኤምጂኤምን ገዝቶ ወዲያው መልሶ ሲሸጥ የድሮ ፊልሞቹን ለራሱ አስቀረ። በ1996 የተርነር ኩባንያ ከታይም ዋርነር ጋር ሲዋሃድ ኦዝም አብሮ ሄደ። የመጀመሪያው ዲቪዲ በኤምጂኤም፣ ቀጥሎ የመጡት በዋርነር ስም የሆኑት ለዚህ ነው።

«በጣም ስላረጀ ማንም ማባዛት ይችላል»

ነጻ የሆነው መጽሐፉ ነው፤ የኤል ፍራንክ ባውም፣ የ1900ው። እዚያ ላይ ጫማው የብር ነው። ቀይ ጫማው ለቴክኒከለር ተብሎ የመጣ የፊልሙ ፈጠራ ስለሆነ መብቱ ያለው የፊልሙ ባለቤት ጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፊልሙ መብት 95 ዓመት ይቆያል፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2035 ያበቃል።

ያኔ መቶኛ ዓመቱ አራት ዓመት ይቀረዋል፤ ሳጥኑን የፈለገ ሁሉ ሊያወጣው ነው። ሦስቱ ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቮች ግን አሜሪካ፣ ሮቸስተር ከተማ፣ ጆርጅ ኢስትማን ሙዚየም ይዟቸው ነው የሚቆዩት። ከገበያ ዲቪዲ ላይ ቀድቶ «መቶኛ ዓመት» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። እኔ ስድስተኛውን ከመግዛቴ በፊት ሳጥኑን ገልብጬ ምስሉ ከምን እንደተቀዳ አነባለሁ። ስድስተኛ ማለቴን ቤት እንዳትነግሩ።